«የዚህ ማሽን ስትሪፕ የለንም»

አምና ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው የእናቴ ስትሪፕ አለቀ። የስኳር መለኪያ ማሽኑን ያመጣችላት ከለንደን የመጣችው ታላቅ እህቴ ናት። መዳፍ ውስጥ የምትገባ ቀላል ዕቃ ነች፤ መብራት ሲጠፋ እንኳ ስክሪኗ በርቶ ቁጥሩን ታሳያለች። አብረዋት የመጡት ሁለት ፓኬት ስትሪፖች እስኪያልቁ ድረስ ከእሷ የበለጠ የተመሰገነ ዕቃ በቤታችን አልነበረም። ሲያልቁ ባዶውን ፓኬት ኪሴ ከትቼ ወጣሁ። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አካባቢ ካሉት መድኃኒት ቤቶች ጀምሬ በተክለ ሃይማኖት አድርጌ ሜክሲኮ ደረስኩ። ዘጠኝ ቦታ ጠየቅሁ። በዘጠኙም ፓኬቱን ተቀብለው ገልበጥ አድርገው ያዩትና ይመልሱልኛል። «ወንድሜ፣ የዚህ ማሽን ስትሪፕ የለንም። የሌላ ነው ያለን።»

የሌላው ከጀርባቸው መደርደሪያው ላይ ተደርድሮ ይታየኛል። ለእኛ ማሽን ግን አይሆንም። የከተራ ዕለት ሌላ ማሽን ከነስትሪፑ ገዝቼ ገባሁ። የእህቴ ስጦታ መሳቢያ ውስጥ ገባች፤ እስከ ዛሬም እዚያው ናት።

ስለ ስኳር ሕመም ወጪ ስናወራ ሁላችንም የምናነሣው የዋጋውን መወደድ ነው። ተወዷል፤ እመለስበታለሁ። እናቴን እያስታመምኩ በቆየሁባቸው ስድስት ዓመታት የተረዳሁት ግን ከገንዘባችንና ከጊዜያችን ብዙው የሚባክነው ዕቃው እርስ በርሱ ሳይገጥም ሲቀር መሆኑን ነው። ስትሪፑ ከማሽኑ፣ ሲሪንጁ ከኢንሱሊኑ፣ ማሽኑ የሚያሳየው ቁጥር እኛ ከለመድነው ቁጥር፣ ማዘዣው ላይ የተጻፈው ብልቃጥ በሽተኛው በወር ከሚወስደው መጠን ጋር መግጠም አለበት። አንዱ ከጎደለ የተቀረው ተገዝቶም አያገለግልም። ይህን ደግሞ ማሽኑን ሲሸጡልን የነገረን ሰው አልነበረም።

ስትሪፑ ምን ይሠራል?

ስትሪፕ ሲያዩት ወረቀት ይመስላል። ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው፤ ጫፉ ላይ ደም የሚስብ እንደ ፀጉር የቀጠነ ቦይ አለው። ቦዩ ውስጥ ከደም ስኳር ጋር የሚዋሃድ ኢንዛይም ተቀብቷል፤ ከሥሩ የኤሌክትሪክ መስመር ተዘርግቷል። ጠብታዋ ስትገባ ኢንዛይሙ ስኳሩን ያገኘዋል፣ በጣም ጥቂት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፣ ማሽኑ እሱን ቆጥሮ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ዋናው ሥራ የሚሠራው ስትሪፑ ላይ ነው፤ ማሽኑ ቆጣሪ ነው። እያንዳንዱ ኩባንያ የራሱን መስመርና የራሱን ስሌት ስለሚጠቀም የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው አይሆንም። ቅርጹ ተመሳስሎ ቀዳዳው ውስጥ ቢገባ እንኳ ማሽኑ አይቀበለውም፤ ከተቀበለው ደግሞ የሚያወጣው ቁጥር የሚታመን አይደለም።

ንግዱም እዚህ ላይ ነው። ፕሪንተር በርካሽ ገዝቶ ቀለሙን ሲገዛ የተማረረ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ማሽኑ በቅናሽ ይሸጣል፣ አንዳንዴም በነፃ ይሰጣል፤ ኩባንያው የሚያተርፈው ለዓመታት ከሚሸጠው ስትሪፕ ነው። ማሽን የሰጠን ሰው ደግ አስቦ ቢሰጠንም፣ አብሮ ዕድሜ ልክ የሚከፈል ሒሳብ ሰጥቶናል ማለት ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከስትሪፑ ይጀምራል። ማሽን ከመግዛታችሁ በፊት ሰፈራችሁ ካሉት ሁለት ሦስት መድኃኒት ቤቶች ግቡና «ሳይቋረጥ የሚመጣላችሁ የየትኛው ማሽን ስትሪፕ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በቀይ መስቀልና በከነማ ፋርማሲዎችም ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ዋጋቸው ከሌላው ይሻላል፣ ወረፋውም እንደዚያው ነው። ከአንድ ቦታ በላይ የሚገኘውን ስትሪፕ ለዩና ማሽኑን እሱን ተከትላችሁ ግዙ። ዋጋ ስታወዳድሩ የፓኬቱን ዋጋ ብቻ አትዩ። አንዱ 25፣ ሌላው 50 ፍሬ ይይዛል፤ ዋጋውን ለፍሬው አካፍላችሁ የአንዷን ስትሪፕ ሒሳብ ያዙ። አንዳንድ ማሽኖች ደግሞ ፓኬት በተቀየረ ቁጥር ኮድ ማስገባት ይፈልጋሉ። ኮዱ ካልተስተካከለ ማሽኑ ዝም ብሎ የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፤ ለአረጋውያን ኮድ የማይጠይቅ ማሽን ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

የተገዛውን ስትሪፕ ማበላሸትም ቀላል ነው። እናቴ ለቅሶ ወይም ማኅበር ስትሄድ አራት አምስት ስትሪፕ አውጥታ በመሀረቧ ጫፍ ትቋጥር ነበር። ፓኬቱን ሙሉ ይዞ መዞር እንዳይጠፋ ሥጋት ነው፤ የእሷን ቁጠባ አውቀዋለሁ። ነገር ግን የስትሪፕ ጠላት እርጥበት ነው። የራሱ ዕቃ እርጥበት የሚመጥ ነገር ስላለበት ነው ክዳኑ ጥብቅ ብሎ የሚዘጋው። ከዚያ ከወጣ በኋላ በላብ፣ በእንፋሎት፣ በምድጃ ዳር ሙቀት ኢንዛይሙ ይዳከማል። ከማኅበር ስትመለስ ማሽኑ ስሕተት እያለ ሦስት ስትሪፕ ሲበላባት ምክንያቱ ይኸው ነበር። አሁን ፓኬቱን ከነክዳኑ በትንሽ ቦርሳ ትይዛለች።

ፓኬቱ ላይ ሁለት ዓይነት ዕድሜ እንዳለም ማወቅ ይጠቅማል። አንደኛው የታተመው የማብቂያ ቀን ነው። ሁለተኛው ክዳኑ ከተከፈተበት ቀን የሚቆጠር ሲሆን እንደ ኩባንያው ሦስት ወር ወይም ስድስት ወር ሊሆን ይችላል፤ በማሸጊያው ላይ ተጽፏል። በሳምንት ሁለት ጊዜ የሚለካ ሰው 50 ፍሬ ፓኬት ከከፈተ ለመጨረስ 25 ሳምንት ይፈጅበታል። የሦስት ወር ዕድሜ ያለው ከሆነ ግማሹን ይጥለዋል። ለእንዲህ ያለ ሰው 25ቱ ፓኬት በፍሬ ሲሰላ ቢወደድም በመጨረሻ ይረክሳል። ፓኬት ስንከፍት ቀኑን በእስክሪብቶ ክዳኑ ላይ እንጽፋለን።

ስንት ጊዜ መለካት ይበቃል? ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው፣ በተለይም ከልጅነቱ ጀምሮ የሚወጋ፣ በቀን ብዙ ጊዜ መለካት ያስፈልገዋል፤ በቀን አራት ጊዜ ቢለካ 50ው ፍሬ በ12 ቀን ያልቃል። እንደ ሜትፎርሚን ያለ ክኒን ብቻ የሚወስድና ስኳሩ የተረጋጋ ሰው ግን በየቀኑ ጣቱን መውጋት የሚያመጣለት ጥቅም ትንሽ እንደሆነ የሕክምና መመሪያዎች ይናገራሉ። ግሊቤንክላማይድ የሚወስድ ሰው ስኳሩ ሊወርድበት ስለሚችል የእሱ ነገር ይለያል። ሐኪሙን «እኔ በሳምንት ስንት ጊዜ ልለካ? በየትኛው ሰዓት?» ብሎ መጠየቅ በቤታችን ከማንኛውም ቅናሽ የበለጠ ገንዘብ ያዳነ ጥያቄ ነው። እናቴ በፊት ሁልጊዜ ጠዋት በባዶ ሆዷ ብቻ ትለካ ነበር። ሐኪሟ አንድ ቀን ቁርስ በፊትና ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ሌላ ቀን እራት በፊትና መኝታ ላይ ለኪ አሏት። በዚያው የስትሪፕ ቁጥር የማታው ስኳር እንደሚወጣ ያኔ ታወቀ።

7.2 ያስደነገጠን ቀን

ወደ ለንደኗ ማሽን ልመለስ። ገና እንደመጣች ሰሞን አንድ ጠዋት ከሥራ ቦታ ስደውል እናቴ ድምፅዋ ተቀይሯል። «ስኳሬ ወርዶ ሰባት ገብቷል» አለችኝ። ለዓመታት የምታውቀው 130፣ 150፣ ሲከፋም 220 ነው። ሰባት ስታይ ያለቀላት መስሏት ሦስት ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣ ጠጥታለች። ቤት ስደርስ ማሽኑን አየሁት፤ 7.2 ይላል።

ስኳር የሚለካበት መስፈሪያ ሁለት ነው። እኛ አገር፣ አሜሪካና እስራኤል በዴሲ ሊትር ደም ውስጥ ስንት ሚሊ ግራም ስኳር እንዳለ ይቆጠራል። እንግሊዝ፣ ካናዳ፣ ስዊድንና ኔዘርላንድስ ደግሞ በሊትር ስንት ሚሊ ሞል ብለው ይቆጥራሉ። ከእነሱ ወደ እኛ ለማምጣት በ18 ማባዛት ነው፤ 7.2 በ18 ሲባዛ 130 ገደማ ይመጣል። እናቴ ያን ጠዋት ደህና ነበረች፤ ስኳሯን ያወጣው የጠጣችው ብጥብጥ ነው። አብዛኞቹ ማሽኖች ከፋብሪካ ሲወጡ በአንዱ መስፈሪያ ስለሚዘጉ በቤት አይቀየሩም። ውጭ ያላችሁ ልጆች ማሽን ከመላካችሁ በፊት ከሳጥኑ ላይ መስፈሪያውን እዩት፤ ሻጩንም ጠይቁት። ከሁሉ የሚሻለው ግን እናት አባታችሁ ቤት ያለውን ማሽን ፎቶ አስነሥታችሁ የእሱን ስትሪፕ እዚያ መፈለግ ነው።

በነገራችን ላይ ከ70 በታች ከሆነ እውነትም ወርዷል። ያኔ ሦስት አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ እንደገና መለካት፣ ካልወጣ መድገም ነው። ስትሪፕ አልቆ መለካት ካልተቻለ፣ ሰውዬው ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠና ከተደናገረ ሳይለካ ይጠጣ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አትስጡት፤ ወደ ጤና ተቋም ነው።

ኢንሱሊኑና በወሩ መጨረሻ የሚጎድሉት ቀናት

በመንግሥት ጤና ተቋማት በብዛት የሚገኘው በብልቃጥ ያለው ኢንሱሊን ነው፤ ደመናማው ኤን ፒ ኤች፣ ጥርት ያለው ሬጉላር፣ ሁለቱ በ70 እና በ30 ተቀላቅለው የሚመጡት። ብልቃጡ 10 ሚሊ ሊትር ነው። በአንዱ ሚሊ ሊትር 100 ዩኒት ስላለ ጠቅላላው 1000 ዩኒት ይሆናል። ይህን ሒሳብ ቀደም ብዬ ሠርቼው ቢሆን ኖሮ አንድ ትልቅ ነገር አያመልጠኝም ነበር።

እናቴ ጠዋት 24 ማታ 12፣ በቀን 36 ዩኒት ትወጋለች። ማዘዣዋ ላይ በየወሩ አንድ ብልቃጥ ይጻፋል። 1000 ለ36 ሲካፈል 28 ቀን አይሞላም፤ 28ኛው ቀን ላይ ብልቃጡ ባዶ ነው። ሲሪንጁ ውስጥ አየር ሲገባ እየተገፋ የሚፈሰውን ብትጨምሩበት ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ቀጠሮዋ በ30 ቀን ነው። ሁለት ሦስቱን ቀን ምን ታደርግ እንደነበር የደረስኩበት በአጋጣሚ ነው፤ በወሩ የመጨረሻ ሳምንት 24ቱን ወደ 18 ዝቅ እያደረገች ታብቃቃው ነበር። ለማንም አልተናገረችም። «እናንተን ላለማስቸገር ነው» አለችኝ። ሐኪሙ ደግሞ ስኳሯ በየወሩ መጨረሻ ለምን እንደሚወጣ ግራ ገብቷቸው መጠኑን ሊጨምሩላት ነበር። ሒሳቡን በወረቀት ጽፌ ሳሳያቸው ወዲያው ማዘዣውን ለሦስት ወር አራት ብልቃጥ ብለው አስተካከሉት። ቀጠሮውም ከወር ወደ ሦስት ወር ሄደ፤ ሦስት የታክሲና የወረፋ ቀን አንድ ሆነ።

በየቤቱ እንዲህ የሚያብቃቁ ስንት እናቶች እንዳሉ ሳስብ ያመኛል። ከልጅነቱ ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው ደግሞ ማብቃቃቱ ሕይወቱን ያሳጣዋል። ኢንሱሊን ሲቋረጥ ሰውነቱ ስብ እያቃጠለ ደሙ በአሲድ ይመረዛል፤ ማስታወክ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን ትንፋሽ፣ አፍ ላይ የፍራፍሬ ሽታ ምልክቶቹ ናቸው። ቀናት አይሰጥም። ኢንሱሊን አልቆ ገንዘብ ከሌለ ወይም መድኃኒት ቤቶች ከሌላቸው፣ ቤት ከመጠበቅ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዶ «ኢንሱሊኔ አልቋል» ማለት ይገባል።

ሲሪንጁ ላይ ደግሞ አደገኛ ስሕተት አለ። የኢንሱሊን ሲሪንጅ ሁለት ዓይነት ነው፤ ባለ 100 ዩኒቱ ብዙ ጊዜ ብርቱካናማ ክዳን፣ ባለ 40 ዩኒቱ ቀይ ክዳን አለው። ከ100ው ኢንሱሊን በ40ው ሲሪንጅ «20» ላይ ድረስ የሳበ ሰው የሚወጋው 50 ዩኒት ነው። ሰውን ሊገድል የሚችል መጠን ነው። ክዳኑን አትመኑ፤ በሲሪንጁ አካል ላይ የታተመውን ቁጥርና ብልቃጡ ላይ ያለውን ቁጥር ጎን ለጎን አድርጋችሁ አንብቡ። የለመዳችሁት ሲሪንጅ ጠፍቶ ሌላ ከሰጧችሁ፣ ፋርማሲስቷ የእናንተን መጠን በዚያ ሲሪንጅ ላይ በጣቷ እንድታሳያችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ።

ብዕር የሚመስለው ኢንሱሊን ለመወጋት ቀላል ነው፤ ዓይኑ ለደከመ ሰውም ይመቻል። ነገር ግን አንዱ 300 ዩኒት ብቻ ስለሚይዝ ቶሎ ያልቃል፣ የራሱን መርፌ ለብቻ መግዛት ይጠይቃል፣ አቅርቦቱም አስተማማኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለመንግሥት ሆስፒታሎች ብዕሩን ስታቀርብ የነበረችው ኖቮ ኖርዲስክ ውሉን ስላልቀጠለች ብዕሩን የለመዱ ሕሙማን ወደ ብልቃጥና ሲሪንጅ መመለስ ነበረባቸው። ብዕር የጀመረ ሰው በብልቃጥ መወጋትንም ቢያውቅ ይመረጣል።

ስለ ማቀዝቀዣ አጭር ነገር። ያልተከፈተ ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ፣ ማለትም ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል፤ በረዶ ቤቱ ውስጥ ግን አይገባም፤ የረጋ ኢንሱሊን ቢቀልጥም ይጣላል። የተከፈተው ከፀሐይ ተጠብቆ ከፍሪጅ ውጭ አራት ሳምንት ገደማ ይቆያል። ፍሪጅ የሌለው ቤት የሸክላ ዕቃ አለው። ውኃ የነካ ሸክላ ላዩ ሲተን ውስጡ ይቀዘቅዛል፤ አያቶቻችን ጠላና ውኃ ያቀዘቀዙበት ጥበብ ነው። ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ ጠቅልሎ በትንሽ ማሰሮ ውስጥ አድርጎ፣ ማሰሮውን እርጥብ አሸዋ ባለበት ትልቅ ማሰሮ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ በሰሜን ኬንያ የስደተኞች ካምፕ የሙቀት መጠን ላይ ተመሥርተው ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመው ጥናት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ እየወጣና እየወረደ በሚሄድ ሙቀት አራት ሳምንት የቆየ ኢንሱሊን ኃይሉን እንዳልጣለ አሳይተዋል። ይህ ለአፋር፣ ለጋምቤላና ለድሬዳዋ ሰው ትልቅ ዜና ነው። አውቶቡስ ላይ ግን ብልቃጡ ከላይ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሂድ፤ በእጅ ቦርሳ ይያዝ።

ዋጋውን ያናረው

ኢንሱሊኑም ስትሪፑም በዶላር ነው የሚገባው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪውን ተመን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር፤ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። መንግሥት ያኔ ነዳጅ፣ ማዳበሪያ፣ መድኃኒትና የምግብ ዘይት እንደሚደጉም አስታውቆ ነበር። ኢንሱሊን በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት በኩል ወደ መንግሥት ተቋማት ይደርሳል። ስትሪፕ ግን ለቤት መለኪያ የሚሆነው በአብዛኛው በግል አስመጪ ትከሻ ላይ ነው። የአንድ ማሽን ስትሪፕ የሚያስመጣው አንድ ድርጅት ብቻ ሆኖ ምንዛሪ ሲያጣ ወይም ዕቃው ጉምሩክ ላይ ሲዘገይ፣ ያ ስትሪፕ ከአገር ይጠፋል። ክፍተቱን በሻንጣ የሚገባው ዕቃ ይሞላዋል። በሻንጣ የገባ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፤ የማብቂያ ቀኑን፣ የክዳኑን እሽግ፣ በጀርባው የተፋቀ ወይም የተለጠፈበት ነገር መኖሩን ሳታዩ ግን አትክፈሉ።

ውጭ ያለው ዘመድ እንደልቡ ያገኛል ብለን ማሰባችንም ሁልጊዜ ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. ጥር 1922 ቶሮንቶ ውስጥ የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን ኢንሱሊን ከተወጋ በኋላ በዓመቱ፣ መድኃኒቱን ያገኙት ተመራማሪዎች ባለመብትነታቸውን ለዩኒቨርሲቲው በአንድ በአንድ ዶላር ነበር የሸጡት። ለሰው ሁሉ እንዲደርስ አስበው ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1996 በ21 ዶላር የጀመረው ሁማሎግ የተባለው ኢንሱሊን ብልቃጥ 275 ዶላር ገደማ ደርሶ፣ ኢንሹራንስ የሌላቸው ሰዎች እንደ እናቴ ያብቃቁ ነበር። ሜዲኬር በተባለው የመንግሥት ጤና መድን ላሉ አረጋውያን ወርኃዊው የኢንሱሊን ክፍያ ከ35 ዶላር እንዳይበልጥ የተደረገው እ.ኤ.አ. ከጥር 2023 ጀምሮ ነው፤ በዚያው ዓመት ዋናዎቹ አምራቾችም ዋጋቸውን በብዙ እንደሚቀንሱ አስታወቁ። እዚያ ለተገኘው ቅናሽ ሕሙማንና ቤተሰቦቻቸው ለዓመታት ጮኸዋል። እኛ ጋ ስለ ስትሪፕ እንዲህ ያለ ጩኸት ገና አልሰማሁም፤ መሰማት ግን አለበት ብዬ አምናለሁ።

እስከዚያው ያለውን መጠቀም ነው። በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ዛሬ ወደ ብዙ ወረዳዎችና ከተሞች ደርሷል። ካርዱ ያለው ሰው ኢንሱሊኑን ከተቋሙ ፋርማሲ በመድኑ ይወስዳል። ተቋሙ ሲጨርስ «ከውጭ ግዙ» የሚባለው ቃል ነው ሰውን የሚጎዳው፤ ያኔ ዝም ብሎ ከመውጣት፣ መድኑ ውል ያለበት ሌላ ፋርማሲ እንዳለ እዚያው መጠየቅ፣ ማኅተም ያለበት ወረቀትና ደረሰኝ መያዝ ይገባል። ለልጆች ደግሞ ኢንሱሊንና የመለኪያ ዕቃ በነፃ የሚሰጡ ፕሮግራሞች አሉ። ቼንጂንግ ዳያቤቲስ ኢን ቺልድረን የተባለው ኢትዮጵያን ከሚያካትቱት አንዱ ነው። ልጃችሁ ስኳር ካለበት፣ በአቅራቢያችሁ ካለ ትልቅ ሆስፒታል የሕፃናት ስኳር ክሊኒክ ወይም ከኢትዮጵያ ስኳር ሕሙማን ማኅበር ጠይቁ፤ በነፃ ሊያገኙት የሚችሉትን በብድር የሚገዙ ወላጆች አጋጥመውኛል።

እኛ ቤት ፍሪጁ በር ላይ አንድ ወረቀት ተለጥፏል። የማሽኑ ስም፣ የስትሪፑ ስም እንደ ፓኬቱ አጻጻፍ፣ የኢንሱሊኑ ዓይነት፣ በቀን ስንት ዩኒት፣ ሲሪንጁ ባለ ስንት እንደሆነ፣ ስትሪፑ የሚገኝባቸው የሦስት መድኃኒት ቤቶች ስልክ። ከመውጣቴ በፊት ደውዬ አረጋግጣለሁ፤ «አለ» ካሉኝ ማን እንዳነጋገረኝ ስሙን እጠይቅና «አንድ ሰዓት ያቆዩልኝ» እላለሁ። ፋሲካ፣ አረፋና ዘመን መለወጫ ከመድረሳቸው አሥር ቀን በፊት እቆጥራለሁ፤ በበዓል ሰሞን ዕቃ ያልቃል፣ መድኃኒት ቤትም ይዘጋል። ከሁለት ፓኬት በላይ ስትሪፕ ግን አናከማችም። ሠፈራችን ያንኑ ማሽን የሚጠቀሙ ሁለት ጎረቤቶች ስላሉ፣ አንዳችን ስናገኝ ለሌላው ደውለን እንይዝለታለን። ያገለገለ መርፌ በወፍራም የዘይት ጀሪካን ውስጥ ይጠራቀማል፤ ሲሞላ ጤና ጣቢያ እወስደዋለሁ።

ባለፈው እሑድ ጎረቤታችን ከቅዳሴ መልስ ቡና ልትጠጣ ገባች። እሷም ስኳር አለባት። ልጇ ከቶሮንቶ የላከላትን አዲስ ማሽን ከነሳጥኑ ይዛለች፤ ደስታዋ ፊቷ ላይ ይታያል። እናቴ ሳጥኑን ተቀብላ መነጽሯን አደረገች። ጀርባውን ገልብጣ ጎንና ጎኑን አየችና ሳጥኑን ሳትመልስላት፣

«የኔ እህት፣ ስትሪፑ እዚህ ይገኛል?» አለቻት። «ቁጥሩስ እንደኛ ነው ወይስ በ18 የሚባዛው?»